የባልንጀራዬን ጥፋት ለማን ልንገር? የጎጃም የቤት ደላሎችና የአቤቱታ መንገዳቸው

ሰውዬው የመጣው ከቢቸና በኩል ነው። ጤፍ ነጋዴ ነው። ልጆቹን ደብረ ማርቆስ ላስተምራቸው ብሎ ቤት እየፈለገ ነበር። እኔም ደላላ ነኝ፤ ቤቱን ያሳየው ግን ሌላ ደላላ ነው። ቤቱን እኔም አውቀዋለሁ። ወራሾች እየተካሰሱበት ስለሆነ ፍርድ ቤት እግድ አውጥቶበታል። ሻጩም ደላላውም ይህን ያውቃሉ። ሦስቱ በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ በዚያ ሳልፍ ደረስኩ። ሰላም ብያቸው መንገዴን ቀጠልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው ቀብዱን ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አገኘሁት። "ወንድምዓለም፣ አንተ ታውቅ ነበር አሉኝ" አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን ዝም አልኩ? አንደኛ ፈርቼ ነው። ሁለተኛ፣ ልናገር ብልስ የት ሄጄ፣ ለማን፣ ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም ነበር። ፍርሃቱ እስካሁንም አልለቀቀኝም። አለማወቁን ግን ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አዋጆቹን አገላብጫለሁ። የሕግ ሰዎች ጠይቄያለሁ። በየቢሮው በር ቆሜ ተሰልፌያለሁ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በድለላ ለሚተዳደሩ፣ በየቀኑም የባልንጀራቸውን ጥፋት እያዩ ምራቃቸውን ውጠው ለሚያልፉ ሰዎች ነው። ቤት ገዢና ሻጭ የሆናችሁም አንብቡት። እኛ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ደጀን፣ የትም ብትሄዱ ደላላ ደላላን ያውቃል። አንድ ዕድር ውስጥ ነን። አንድ ማኅበር እንጠጣለን። አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንስቷል። ሰው አጥብቆ ስለሚተዋወቅ ብቻ ሳይናገር የሚቀር ብዙ ነገር አለ።

ከዝምድናው በላይ የሚያስረን ግን እንጀራው ነው። አንድ ቤት በአንድ ደላላ አይሸጥም። ሻጩን የያዘ አንድ ነው። ገዢውን የያዘ ሌላ ነው። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ሰው ይገባል። ቅብብል የምንለው ይሄ ነው። ኮሚሽኑ ሲገኝ ይከፋፈላል። እንግዲህ ዛሬ የከሰስኩት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት እኔ የያዝኩትን ቤት የሚገዛ ደንበኛ በእጁ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ አይደውልልኝም። እሱ ብቻ ሳይሆን ጓደኞቹም አይደውሉልኝም። "አሳባቂ ነው" ከተባልኩ ስልኬ ጸጥ ይላል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙዎቻችን በአፋችን የማናወጣው ነው። ፈቃድ የሌለን ብዙ ነን። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ሌላውን ልከስ ንግድ ቢሮ ብገባ መጀመሪያ የምጠየቀው "የአንተስ ፈቃድ?" ተብዬ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል። ድለላም ንግድ ነው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን በስሙ ያውቀው ነበር። ተዋዋዮችን እያገናኘ ለጥቅም የሚሠራ ሰው ብሎ ይተረጉመው ነበር። ያ የሕጉ ክፍል በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ሥራችን ግን ያው ንግድ ነው። ስለዚህ ስለ አቤቱታ ከማሰባችን በፊት የራሳችንን ፈቃድ ማውጣትና ማሳደስ አለብን። ይህን የምለው ለመምከር ያህል ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ደላላ የሰውን ጥፋት እያየ አፉ እንደታሰረ ይኖራል። አጥፊዎቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። "ሂድ ክሰሰኝ፣ አንተም ትመጣለህ" የሚለውን ማስፈራሪያ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የዝምታው ዋጋ ደግሞ ቀስ ብሎ እኛው ላይ ይወድቃል። የቤት ሽያጭ ማስታወቂያዎችን ተመልከቱ። "ደላላ እንዳይደውል" የሚል ያልተጻፈበት ስንት ነው? ሰው ከእኛ ሸሽቶ በራሱ ሲገዛ ደግሞ ይብስ ይታለላል፤ ካርታ ማንበብ አያውቅምና። ጥሩ ደላላ የሚያስቀርለት ጉዳት አለ። ግን ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት መንገድ ስላልሰጠነው ሁላችንንም በአንድ ዓይን ያየናል።

ሁሉም ቅሬታ ጥፋት አይደለም

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከደላሎች አፍ የምሰማው አቤቱታ አብዛኛው "ደንበኛዬን ነጠቀኝ"፣ "ድርሻዬን ከለከለኝ" የሚል ነው። ያናድዳል፤ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ግን ይህን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የኮሚሽን ክፍፍል በእኔና በእሱ መካከል ያለ የውል ጉዳይ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካለ በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። ከሌለ ሽማግሌ ነው መፍትሔው። በእኛ አገር ሽምግልና ለእንደዚህ ያለው ነገር ጥሩ ይሠራል። ሁለቱንም የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ያከፋፍላሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ያልቃል። ከቅብብል በፊት በአንዲት ወረቀት ላይ "ሻጭ የእኔ፣ ገዢ የአንተ፣ ክፍፍሉ እኩል" ብሎ ጽፎ መፈራረም ግን ሽማግሌውንም ያስቀራል። ይህን ካደረግኩ ወዲህ በድርሻ የተጣላሁት አንድም ሰው የለም።

ሽምግልና የማይበቃበት ቦታ አለ። ፎርጅድ ካርታ በሽማግሌ አይታረቅም። አንድን ቤት ለሁለት ሰው ማሻሻጥም እንዲሁ። ሰውዬው ገንዘቡ ተመልሶለት ሊታረቅ ይችላል። የሐሰቱ ካርታ ግን ነገም በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ገንዘቡን ከመለሰ ምን ቀረ?" ብለን እንዘጋዋለን። የቀረው ካርታው ነው፤ የሚቀጥለው ገዢ ነው።

በመሐል ያለው ነገር ደግሞ ያከራክራል። ለምሳሌ "ከላይ መጫን"ን እንውሰድ። ሻጩ አራት ሚሊዮን ብሎ ደላላው ለገዢው አራት ሚሊዮን ተኩል ይለዋል። ልዩነቱን በጎን ይወስዳል። ሁለቱም አያውቁም። በዚህ ላይ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይቀበላል። በእኛ ሰፈር ይህን እንደ ብልጠት የሚያየው ብዙ ነው። እኔ ማታለል ነው እላለሁ። ሻጩ "ትርፉ የአንተ ይሁን" ብሎ አውቆ ከፈቀደ ሌላ ነገር ነው። ሳያውቅ ከሆነ ግን ደላላው በውሸት ዋጋ የሁለቱን ሰዎች ውሳኔ አዛብቷል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በግብይት ውስጥ ሸማችን ማታለልና ማደናገርን ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ጥፋት ለንግድ ቢሮ ማቅረብ ይቻላል።

ከዚያ በላይ ያሉት ጥፋቶች ግልጽ ናቸው። እግድ ወይም የባንክ ዕዳ ያለበትን ቤት ደብቆ ማሻሻጥ። የተሻረ ውክልና ይዞ መዋዋል። ቀብድ ተቀብሎ መሰወር። የሐሰት ካርታ። ለገበሬው "ኪራይ ነው" ብሎ፣ ለገዢው "ሽያጭ ነው" ብሎ የእርሻ መሬት ማዋዋል። ይህ የመጨረሻው በከተሞቻችን ዳርቻ ተለምዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይናገራል። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009ም ያከራያል፣ ያወርሳል፣ ያስተላልፋል እንጂ አያሸጥም። ገበሬው መሬቱን ያጣል፣ ገዢው ገንዘቡን። ደላላው ግን ከሁለቱም ተቀብሎ ሄዷል።

የትኛው በር?

ለደላላ ጥፋት ብቻ የቆመ አንድ ቢሮ የለንም። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ አቤቱታ አቅራቢው ጉዳዩን ራሱ ለይቶ ወደ ትክክለኛው በር መውሰድ አለበት። በተሳሳተ በር የገባ አቤቱታ "እኛን አይመለከትም" ተብሎ ይመለሳል። ሰውም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

በንግድ ሥራው ላይ የተፈጸመ ጥፋት ከሆነ በሩ ንግድና ገበያ ልማት ነው። ፈቃድ ሳይኖር መሥራት፣ በማስታወቂያ መዋሸት፣ ዋጋ ደብቆ ማታለል፣ ሌላውን ነጋዴ በሐሰት ማጥላላት እዚህ ይወድቃሉ። በከተማና በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በዞን መምሪያ፣ በባሕር ዳር ደግሞ የክልሉ ቢሮ አለ። ከታች ጀምሩ። ከታች መልስ ካጣችሁ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ግልባጭ አያይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። በቀጥታ ባሕር ዳር የሄደ ሰው "ወረዳህ ምን አለ?" ተብሎ ነው የሚመለሰው።

ወንጀል ከሆነ በሩ ፖሊስ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ሲል በውሸት ወይም እውነቱን በመደበቅ ሌላውን ሰው ጥቅሙን የሚጎዳ ነገር ያስደረገ ሰው እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በአደራ የተቀበለውን ቀብድ ለራሱ ያደረገ ደግሞ በአንቀጽ 675 እምነት በማጉደል ሊጠየቅ ይችላል። የሐሰት ሰነድ ከአንቀጽ 375 ጀምሮ ባሉት ይታያል። እኛ ደላሎች አንቀጹን መጥቀስ አይጠበቅብንም። ያየነውን እንናገር። አንቀጹን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያገኙታል።

ብዙ ሰው "እኔ አልተጎዳሁም፣ ምን አገባኝ ብሎ ፖሊስ ይመልሰኛል" ይላል። አይደለም። ለረጅም ዘመን ስንሠራበት የቆየው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ወንጀልን ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት ይችላል። አንቀጽ 14 ደግሞ የሚነገረው ነገር በጽሑፍ እንዲያዝ፣ ለተናገረው ሰው እንዲነበብለት፣ ቀን ተጽፎ እንዲፈርምበት ያዛል። ስለዚህ ቃላችሁን ሰጥታችሁ ስትወጡ ሲነበብላችሁ ስሙ። ያላላችሁት ነገር ካለ አስተካክሉ። ከዚያ ፈርሙ።

ካርታው ወይም ይዞታው ላይ ጥያቄ ካለ የከተማው መሬት አስተዳደር አለ። ገጠር ከሆነ የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ነው። እነዚህ ደላላውን አይቀጡም። ግን መዝገቡ በእነሱ እጅ ነው። "ይህ ካርታ ከመዝገባችሁ ጋር ይገጥማል ወይ?" የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ ማንም የለም። የእነሱ መልስ ለፖሊሱም ለንግድ ቢሮውም ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እግር መሄድ ያለበት እዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ማጣሪያ ገዢው ወይም ባለይዞታው ሲጠይቅ ይቀላል። ደላላው ገዢውን ይዞ ይሂድ።

የቢሮ ሰው እጁን አስገብቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሐሰት ካርታ አንዳንዴ ከጓዳ ብቻ አይወጣም። ማኅተሙ እውነተኛ ሆኖ ፋይሉ የሌለበት ጊዜ አለ። ያኔ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። ቢሮው አቤቱታችሁን ተቀብሎ ወራት ሙሉ ካስተኛው ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። እንባ ጠባቂ የደላላውን ጉዳይ አይፈርድም። የሚያየው ቢሮው ሥራውን በአግባቡ አለመሥራቱን ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ካየኋቸው አቤቱታዎች የከሸፉት ብዙዎቹ የከሸፉት በሐሰትነታቸው አይደለም። በአጻጻፋቸው ነው።

አንድ አቤቱታ አይቼ አውቃለሁ። አራት ገጽ ነው። "ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት ሕዝብ የሚያጭበረብር፣ ሕዝብ ያስለቀሰ ሌባ ነው" ይላል። አራቱን ገጽ ጨርሼ የትኛው ቤት፣ መቼ፣ ማንን፣ በስንት ብር እንዳታለለ አላገኘሁም። የተቀበለው ባለሙያ ምን ያድርገው? ስድብ እንጂ ምርመራ የሚጀመርበት ነገር የለውም።

ድርጊቱን ጻፉ፤ ሰውየውን ተዉት። "በጥር 12 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ የቤት ቁጥር ላይ፣ ፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት እያወቀ ከዕዳና እገዳ ነጻ ነው ብሎ ለገዢ ሲናገር በቦታው ነበርኩ" ማለት ይበቃል። እያወቀ መሆኑን በምን እንዳወቃችሁ አንድ መስመር ጨምሩ። እናንተ ራሳችሁ ያያችሁትንና ከሌላ የሰማችሁትን ለዩ። "አይቻለሁ" እና "ገዢው ነግሮኛል" አንድ አይደሉም። ይህን የለየ አቤቱታ አንባቢው ያምነዋል።

በጉዳዩ የራሳችሁ ጥቅም ካለ ደብቃችሁ አትለፉት። እኔ ለዚያው ቤት ገዢ ይዤ ከነበረ በመጀመሪያው አንቀጽ እጽፈዋለሁ። በኋላ ተከሳሹ "በቅናት ነው" ሲል አዲስ ነገር አይሆንም። ከኮሚሽን ጋር የተያያዘ ጠብ ካለም እንዲሁ። ከተቻለ የኮሚሽኑን ጥያቄ ከዚህ አቤቱታ ጋር አትቀላቅሉት። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የጻፈ ሰው ገንዘብ ፈልጎ የሚያስፈራራ ይመስላል።

ማስረጃውን በጊዜ ሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ ነገ ይጠፋል። ስክሪንሾት አንሱ፤ ቀኑና የቻናሉ ስም ይታይ። የተላላካችሁትን መልእክት አታጥፉ። የውል ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የቀብድ ወረቀት ኮፒ ያዙ። ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ፤ አሳይታችሁ ኮፒውን አስረክቡ። የሰውን ስልክ በድብቅ መቅዳት ግን ይቅርባችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና ግንኙነት ይጠብቃል። በማስረጃ ፍለጋ ራሳችሁ ተከሳሽ አትሁኑ።

ስታስገቡ በሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን አስገቡ። ሌላው ላይ የመዝገብ ክፍሉ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያኑርላችሁ። ያ ቁጥር ከሌለ አቤቱታችሁ የለም ማለት ነው። "ለኃላፊው በቃል ነግሬዋለሁ" ማለት ምንም አይደለም። ኃላፊ ይቀየራል።

ስም ሳይጽፉ ማስገባትስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ይገባኛል። ግን ስም የሌለው ወረቀት ክብደት የለውም። ጠያቂው "ማንን ልጠይቅ?" ሲል መልስ ያጣል። ጠቋሚን የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። የታሰበው ግን ለከባድ ወንጀሎች ነው። ለአንድ ቀብድ ጉዳይ ይደርስልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። የተሻለው መከላከያ ብቻችሁን አለመሆን ነው። ያንኑ ጥፋት ያዩ ሁለት ሦስት ደላሎች በአንድ ወረቀት ቢፈርሙ "ቅናት ነው" የሚለው ነገር ይረግፋል። መበቀልም ይከብዳል።

አደጋው የት ነው?

አቤቱታ መብት ነው። ውሸት ግን ያስጠይቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የሚወነጅልን ይቀጣል። አንቀጽ 613 ደግሞ ስም ማጥፋትን። ይህ የሚያስፈራው ለሚዋሽ ነው። በቅን ልቦና ያየውን ለሚመለከተው ቢሮ የተናገረ ሰው መስጋት የለበትም።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነው። "ይህ ደላላ ሌባ ነው፣ ሼር አድርጉት" ብሎ የሰው ፎቶ መለጠፍ አሁን ፋሽን ሆኗል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት የሰውን ክብር የሚነካ ነገር ማሰራጨትን ያስጠይቃል። ከዚህም በላይ ጉዳዩን ያበላሻል። አጥፊው ይነቃል፣ ማስረጃውን ያጠፋል፣ ከተማ ይቀይራል። ከደብረ ማርቆስ ጠፍቶ ቡሬ ላይ ሌላ ሲም ካርድ ይዞ ይጀምራል።

ገዢውን ማስጠንቀቅስ? ይህ ከአቤቱታም ይቀድማል። አቤቱታ ሳምንታት ይወስዳል። ቀብድ ግን በአንድ ከሰዓት ይከፈላል። ለገዢው ደላላውን መክሰስ አያስፈልጋችሁም። "ጋሼ፣ ከመክፈልዎ በፊት መሬት አስተዳደር ሄደው ከዕዳና እገዳ ነጻ የሚል ማረጋገጫ ይጠይቁ" ማለት በቂ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 ይጠይቃል። በመንደር ውል ገንዘብ እንዳይሰጥ ንገሩት። ቀብድ ከከፈለም ሕጉን ይወቅ። አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይናገራል። የቢቸናው ሰውዬ ይህን አያውቅም ነበር። የሰጠውን ብቻ ሲለምን ነው የከረመው።

ይህ ሁሉ በደህና ጊዜ ነው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ነገር ተናግቷል። መንገድ ይዘጋል። ኔትወርክ ይጠፋል። በአንዳንድ ወረዳ ቢሮው ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ቀን አይታወቅም። ገዢው መጥቶ ቤቱን ማየት ስለማይችል በስልክ ወይም በውክልና ይገዛል። ተቸግሮ የሚሸጠውም በጥድፊያ ይሸጣል። አታላይ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። የቀበሌያችሁ ቢሮ ዝግ ከሆነ አቤቱታውን ጽፋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ማስረጃውን አያይዛችሁ አስቀምጡ። ዞን ወይም ባሕር ዳር መድረስ የቻላችሁ ቀን ታስገቡታላችሁ። ከስድስት ወር በኋላ ከትዝታ ከመጻፍ በእጅጉ ይሻላል። ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው። ነጻ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጡ ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው አቤቱታ በማጻፍ ይረዳሉ።

የራሳችን ሸንጎ ቢኖረንስ?

አሜሪካ ውስጥ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዙት አንብቤያለሁ። የቤት ደላሎቹ ብሔራዊ ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ተመሠረተ። በ1913 የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። አባል ደላላ ሌላውን አባል መክሰስ ሲፈልግ ለአካባቢው ማኅበር በጽሑፍ ያቀርባል። ነገሩ ሊታወቅ ከሚችልበት ጊዜ ወይም ሽያጩ ከተጠናቀቀበት ጊዜ፣ ከሁለቱ ከዘገየው አንስቶ 180 ቀን አለው። መጀመሪያ አንድ ኮሚቴ ያያል። ይህ ኮሚቴ ጥፋተኛ ነው አይደለም አይልም። "የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን ደንቡን ይጥሳል ወይ?" የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የሚጥስ ከሆነ የሙያ ባልንጀሮች ያሉበት ሌላ ሸንጎ ሁለቱንም ሰምቶ ይወስናል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያና ከግዴታ ትምህርት ጀምሮ እስከ 15,000 ዶላር መቀጮና እስከ መባረር ይደርሳል። ፈቃድ የሚነጥቀው ግን ማኅበሩ አይደለም፤ የየግዛቱ መንግሥት ነው። የኮሚሽን ክርክር ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በግልግል ያልቃል።

ይህን ሳነብ ያስገረመኝ ገንዘቡ አይደለም። የኮሚሽን ጠብና የሥነ ምግባር ጥፋት ከመጀመሪያው በሁለት በር መለየታቸው ነው። እኛ የምናደባልቀውን እነሱ ለይተውታል።

እኛስ? በ2017 የጸደቀው የሪል እስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ገበያውን መስመር ለማስያዝ የመጣ ነው። ግን አዋጅ ብቻውን ደብረ ማርቆስ አደባባይ ላይ ቆሞ ማን ምን እንዳደረገ አያይም። የምናየው እኛ ነን። የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነጋዴዎች በዘርፋቸው እንዲደራጁ መንገድ ይከፍታል። ፈቃድ ያለን ሃያ ሠላሳ ደላሎች ብንሰባሰብ አንድ ገጽ ደንብ ማውጣት አያቅተንም። ዋጋ አንደብቅም። እግድና ዕዳ ያለበትን እንናገራለን። ቀብድ በእጃችን አንይዝም፤ በቀጥታ ለሻጭ፣ በባንክ ይገባል። ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ብንፈራረም እንኳ ከምናየው ጥፋት ብዙው ይቀራል።

በዕድር ሰው ሲያጠፋ ዳኛ አለ። በዕቁብም ዳኛ አለ። የሰው ዕድሜ ልክ ጥሪት በሚያልፍበት በእኛ ሥራ ውስጥ ዳኛ አለመኖሩ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት ያንኑ የመሰለ ነገር ገጠመኝ። ቤቱ ሌላ፣ ደላላው ሌላ ነው። የያዘው ውክልና መሻሩን ውክልናውን ከሰጠችው እህት አፍ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ገዢዋ ጋ ደወልኩና "እትዬ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ምንም እንዳይከፍሉ" አልኳት። ሰኞ ሁለታችን ውክልናው ወደተመዘገበበት ቢሮ ሄደን መሻሩን አረጋገጥን። ከዚያ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ። ተነበበልኝ፤ አንድ ቃል አስተካክዬ ፈረምኩ። ደላላው እስካሁን ሰላም አይለኝም። ሁለት ሌሎችም አብረውት ስልኬን ማንሳት ትተዋል። የመዝገብ ቁጥሩ ማስታወሻ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። በየአስራ አምስት ቀኑ እየሄድኩ የት እንደደረሰ እጠይቃለሁ።